ባቡሩ ውሃ የሚጠጣው የት ነው?

አንድ ሰው ነበር፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ከዚራ ሰፈር ያደገ፣ እንጀራው ግን ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት አጠገብ የወጣለት። ቀን የሰው ሥራ ሲሠራ ይውልና ማታ ልጁ ሲተኛ ወደ ምድር ቤት ወርዶ የራሱን ይሠራል። የራሱ ሥራ ባቡር ነው።

እዚያ አገር ትልቅ ሰው በትንሽ ባቡር ቢጠመድ ጎረቤት አይስቅበትም። ሜርክሊን የሚባለው የመጫወቻ ፋብሪካ በ1891 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ትርኢት ላይ በሞላ የሚሄድ፣ ሐዲዱ እየተቀጣጠለ የሚረዝም ባቡር ካቀረበ ወዲህ ነገሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ሐምቡርግ ውስጥ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚባል ቦታ አለ። በአንድ አሮጌ የወደብ መጋዘን ውስጥ ተራራው፣ ከተማው፣ ሐዲዱ ሁሉ በትንሹ ተሠርቶ፣ አዋቂው ከልጁ እኩል ተሰልፎ ያየዋል። ሰውየው ልጁን ይዞ እዚያ ሄዶ ነበር። ልጁ በአልፕስ ተራራ ሥር ውልብ እያለ የሚያልፈውን ባቡር እያየ ሲጮህ አባት በልቡ ሌላ ነገር ይጠይቅ ነበር፤ የኛስ ባቡር?

የአገሩን ባቡር ታሪክ ልጅ ሆኖ ሲሰማ ያደገ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጅቡቲ ላይ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። መንገዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በቆላው አለፈና በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተወለደችው ያኔ ነው። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ ሐዲዱም ለዓመታት እዚያው ቆመ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ በምድር ቤቱ ሊሠራ ተነሣ።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አሰላ። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ አንድ ለ87 ነው፤ እውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። የድሮው የድሬዳዋ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለሆነ በዚህ ልክ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ብዙ የስዊስ የተራራ ባቡሮችም በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ስለሚሄዱ የነሱን ሞዴል ገዝቶ ቀለም መቀየር ይቻላል። እስከዚህ መልካም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ሆነ። የአዲስ አበባ ከፍታ ብቻውን 27 ሜትር መጣ፤ ከቤቱ ጣራ በላይ። ሳቀና ወረቀቱን ቀደደ። ያለው ሦስት የምድር ቤት ግድግዳ ነው። ስለዚህ አምስት ጣቢያ መረጠ፦ ከበሩ አጠገብ ድሬዳዋ፣ ቀጥሎ ኤረር፣ ከዚያ አፍደም፣ ከዚያ ሚኤሶ፣ በወዲያኛው ግድግዳ ጫፍ ደግሞ አዋሽ ከነገደሉና ከነድልድዩ።

እንጨት ገጥሞ ኮምፔንሳቶ አነጠፈ። ሐዲዱ ሲሄድበት እንዳይጮህ ከሥሩ ቀጭን ቡሽ አጣበቀ። ተራራውን በወንፊት ሽቦና በጋዜጣ አስነሥቶ በጀሶ ለበጠው። ግራሩን ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ፣ አናቱን በስፖንጅ ጠፍጥፎ እንደ ቆላ ግራር አደረገው። ከድሬዳዋ የመጣ ዘመድ በከረጢት የያዘለትን የደቻቱ አሸዋ በወንፊት ነፍቶ ደረቁን ወንዝ ሠራ። ለገሃሩን በካርቶን፣ አዋሽ ላይ ያለውን ቡፌ በቀጭን እንጨት አቆመ። ሐዲዱ አዲስ መስሎ ዓይኑን ስላስቀየመው ዝገት የመሰለ ቀለም ቀባው፤ በመካከሉ ጠጠር በትኖ ውሃ በበዛበት ኮላ አረጋው። ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። የአገሩ ልጆች ሲመጡ ሥዕል አነሡ፤ አንዱ ከዚራን ሲያይ ዕንባው መጣ።

ባቡሩ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ትራንስፎርመሩ ድሬዳዋ ሥር ተቀምጧል፤ ከሱ የወጡ ሁለት ሽቦዎች ከሁለቱ ሐዲዶች ጋር በስታኞ ተበይደዋል። ኃይሉ በአንዱ ሐዲድ ይሄዳል፣ በሎኮሞቲቩ ጎማ ገብቶ ሞተሩን ያዞራል፣ በሌላው ሐዲድ ይመለሳል። ድሬዳዋ ብቻ ሳለች ባቡሩ እንደ ልብ ይሄድ ነበር። ኤረር ሲቀጠል ምንም አልሆነም። አፍደም ሲደርስ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፤ ሰውየው ግን አላስተዋለም፣ ወይም አስተውሎ አለፈው። ሚኤሶ ላይ መጎተት ጀመረ። አዋሽ ሲቀጠል ባቡሩ ድልድዩ መሃል ደርሶ ይንቀጠቀጥና ይቆማል።

ልጁ ለዚያ ጫፍ ስም አወጣለት፤ ሰነፉ ጣቢያ።

አባትየው ደግሞ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረ። በመጀመሪያ ድልድዩን ጠረጠረና አፍርሶ በውሃ ልክ አስተካከለው፤ ያው ሆነ። ሐዲዱን በአልኮል ጠረገ፤ ለጥቂት ቀን ተሻለውና ተመለሰ። ቀጥሎ ሎኮሞቲቩ ደካማ ነው አለና ከባድ፣ ባለ ትልቅ ሞተር ገዛ። አዲሱ ሎኮሞቲቭ ከድሬዳዋ ሲነሣ እንደ ጎረምሳ ነበር፤ ሚኤሶን ሳያልፍ ግን ከቀድሞው ብሶ ቆመ። ትልቅ ሞተር ብዙ ኃይል ይጠጣል፤ ብዙ በጠጣ ቁጥር ደግሞ መንገድ ላይ የሚቀረው ይበዛል። ሰውየው ይህን ገና አላወቀም።

ከዚያ የትራንስፎርመሩን እጀታ እስከ መጨረሻው አዞረው። አዋሽ ያለው ባቡር በመጠኑ ተንቀሳቀሰ። ድሬዳዋ ላይ የቆመው የቀድሞው ባቡር ግን ተፈትልኮ ወጣና ኩርባው ላይ ሐዲዱን ስቶ ከነፉርጎዎቹ ወለል ላይ ተከሰከሰ። ሰውየው ስብርባሪውን እየለቀመ፣ የዚህ ሁሉ ጥፋት አዋሽ ነው አለ።

በመጨረሻ ሸክሙን መቀነስ ጀመረ። አንድ ፉርጎ ፈታ፤ ባቡሩ ትንሽ ራቀ። ሌላ ፈታ። የቡና ፉርጎው ተፈታ፣ የከብቱ ተፈታ፣ የመንገደኛው ተፈታ። በመጨረሻ ሎኮሞቲቩ ብቻውን፣ ምንም ሳይጎትት፣ እያዘገመ አዋሽ ገባ። ሰውየው በቃ ተስተካከለ ብሎ እጁን ታጠበ። ልጁ ግን ቆሞ አየና ጠየቀው፤

“አባዬ፣ ምንም ካላመጣ ለምን ይመጣል?”

አባት መልስ አልነበረውም። ቴስተር አወጣና ኃይሉ በእርግጥ መድረሱን ሊለካ ወሰነ። ባቡሩን ከሐዲዱ አንሥቶ፣ በጥንቃቄ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ ለካ። ድሬዳዋ 12 ቮልት። ኤረር 12። አፍደም 12። ሚኤሶ 12። አዋሽም 12። “ይኸው!” አለ፤ “እኩል ሰጥቼዋለሁ። የደረሰውን የማይጠቀምበት እሱ ነው።” ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ ባቡሩን እስከ አፍደም ብቻ ይነዳል፤ አዋሽን በእጁ ሲያሳይ ያደንቁለታል።

ሁለተኛ ልጅ ተወለደና የሰውየው እናት አራስ ሊያርሱ ከድሬዳዋ መጡ። ገንፎው ተገነፋ፣ ጠያቂው ጋብ አለ፤ አንድ ቀን ትልቁ ልጅ የአያቱን እጅ ይዞ ወደ ምድር ቤት አወረዳቸው። አባትም ተከተለ። እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ ብለው አዩ።

“አቦ! ድሬ ናት እኮ!” አሉ። ቀጥለው ከዚራን አተኩረው አዩና፣ “ጥላው አንሷል። ዛፍ ጨምርበት” አሉት።

“እሺ እማዬ።”

ባቡሩ ተነሣ። እናት ከጣቢያ ጣቢያ እየተከተሉት ሄዱ። አፍደም ላይ ቀዘቀዘ። ሚኤሶ ላይ ተጎተተ። ድልድዩ ላይ ቆመ።

“አዋሽ ሰነፍ ጣቢያ ነው፣ እማማ” አለ ልጁ። “ባቡሩ እዚህ መምጣት አይወድም።”

እናት ዝም ብለው ቆዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ይኼ ባቡር ውሃ የሚጠጣው የት ነው?”

ሰውየው ሳቀ። “እማዬ፣ ይኼ እኮ የኮረንቲ ነው። ውሃ አይጠጣም።”

“ኮረንቲውን ነዋ! እሱን የሚጠጣው የት ነው?”

“እዚህ” አለና ድሬዳዋ ሥር ያለውን ትራንስፎርመር አሳያቸው።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ በሐዲዱ ይሄዳል።”

“እስከ አዋሽ?”

“እስከ አዋሽ።”

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። “አባቴ እሳት አንዳጅ ነበር” አሉ። “አንተ አልደረስክበትም፤ ናፍጣው ሳይመጣ፣ በጭሱ ባቡር ጊዜ። ሰው ከሰሉን ያያል፣ ጭሱን ያያል። አባቴ ግን የሚፈራው ውሃውን ነበር። ከሰል ገና ሳይጎድል ውሃው ያልቃል ይል ነበር። ስለዚህ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይጠጣል፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይጠጣል። ሰው ጣቢያ የተሠራው ለሱ ይመስለዋል፤ ሻይ የሚጠጣበት፣ ብርቱካን የሚገዛበት። ቀድሞ የተሠራው ለባቡሩ ጥም ነው። ጅቡቲ በጠጣው ውሃ አዲስ አበባ የገባ ባቡር እኔ አልሰማሁም። አንተ ግን ድሬ ላይ አንዴ አጠጥተህ አዋሽ ድረስ ትሰደዋለህ። መንገድ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ሰነፍ ትለዋለህ።”

“እማዬ፣ ለክቼዋለሁ። አዋሽም 12 ነው።”

“ሲለካ ባቡሩ እየሄደ ነበር?”

“አይ፣ አንሥቼው ነበር።”

እናት ከበርጩማው ተነሡ። “ባዶ ቤት ገብተህ እንጀራ ይበቃል ወይ ብትል ይበቃል ነው የሚሉህ” አሉና ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰምተው ወደ ላይ ወጡ።

ሰውየው ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለው። ተነሥቶ ወረደ፤ የፈታቸውን ፉርጎዎች በሙሉ መልሶ ቀጠለ፤ ባቡሩ እየጎተተ ሳለ ቴስተሩን በየጣቢያው እየነካ ለካ። ድሬዳዋ 12። ኤረር 11። አፍደም 10። ሚኤሶ 8። አዋሽ 6 ተኩል። ያው ቴስተር፣ ያው ሐዲድ ነው፤ ልዩነቱ ባቡሩ አሁን ሸክም መያዙ ብቻ ነበር።

የጎደለው የት ገባ ብሎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ፈለገ። ሐዲዱ ብዙ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ከአንዱ የሚያያዘው በቀጭን የብረት መገጣጠሚያ ነው። ኃይሉ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ሲሻገር እያንዳንዷ መገጣጠሚያ ጥቂት ታስቀርበታለች። አንዷን ለይቶ ቢለካት ያስቀረችው የሚወራ አይደለም። ሁሉም ሲደመር ግን ግማሽ ያህሉ ነው። ሐዲዱ ራሱም መዳብ አይደለም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩት ጠንካራ ብረት ነው፤ እንዳይዝግና እንዳይጎብጥ ጥሩ ነው፣ ኃይል ለማሳለፍ ግን ከንጹሕ መዳብ በብዙ ያንሳል። ከሁሉም በላይ ሰውየውን ያስደነገጠው ሌላ ነው። ሐዲዱን ያረጀ ለማስመሰል የቀባው ቀለምና ጠጠሩን ለማርጋት ያፈሰሰው ኮላ በየመገጣጠሚያው ሰርጎ ደርቋል። እንግዳ ያደነቀለት ጌጥ የአዋሽን ጉሮሮ ዘግቶ ኖሯል።

በመጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ በካውያ በይዶ አንድ ማድረግ ነበር። ግን እዚያ አገር እንጨት በብርዱ ወራት በማሞቂያ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በሙቀቱ ወራት በእርጥበት ያብጣል፤ ሐዲዱ የሚላወስበት ክፍተት ካጣ ይጎብጣል። መገጣጠሚያው ልቅ ሆኖ መቅረት አለበት። ስህተቱ የመገጣጠሚያው መኖር አልነበረም፤ ሐዲዱን በመስመር ለመያዝ የተሠራችው ብረት ምግብ አመላላሽ እንድትሆን መታዘዟ ነው።

ስለዚህ ሁለት ወፍራም የመዳብ ሽቦ ገዛ። ከኮምፔንሳቶው ሥር፣ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ ዘረጋቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ ቀዳዳ በስቶ፣ ቀጭን ሽቦ ከሥር አውጥቶ፣ ከሐዲዱ ጎን ጋር በየደው። በጀርባው ተኝቶ፣ ስታኞው ፊቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ እየተጠነቀቀ የሚሠራ ሥራ ነው። ሽቦውን ወደ ሐዲዱ ማውጣት የጀመረው ከአዋሽ ነው። ልማዱ ከድሬዳዋ መጀመር ነበር፤ ትራንስፎርመሩም መብራቱም ያሉት እዚያ ነውና። አሁን ግን አሰበ፤ ጉልበቴ ወይም ሽቦዬ መሃል ላይ ቢያልቅ ያልደረሰው ማን ይሁን? ድሬዳዋ ምንጩ አጠገብ ናት፤ ብትዘገይም አትጠማም።

ሥራው ሲያልቅ ምድር ቤቱ በፊት ከነበረው ምንም አልተለወጠም። አንድ ዛፍ አልተጨመረም፤ አንድ ጣቢያ አልተቀባም። ሰውየው እናቱንና ልጁን ጠርቶ እጀታውን ከወትሮው ዝቅ አድርጎ አዞረ። ባቡሩ ፉርጎዎቹን ሁሉ እየጎተተ ከድሬዳዋ ወጣ፤ ኤረርን፣ አፍደምን፣ ሚኤሶን በአንድ እርምጃ አለፈ፤ ድልድዩን ተሻግሮ ቡፌው ፊት ለፊት ቆመ።

“አዋሽ ስንፍናውን ተወ?” አለ ልጁ።

“መች ሰነፈ?” አሉ አያቱ። “ጠምቶት እንጂ።”

የአገሩ ልጆች ዛሬም ይመጣሉ። ተራራውን ያደንቃሉ፣ ግራሩን ሥዕል ያነሣሉ። ከሥር ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ያየ እስካሁን የለም።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ፍቺው ብዙ ቦታ ይገባል፤ እኔ ግን ሦስት ነገር ላይ ብቻ ላቁም።

የመጀመሪያው የመገጣጠሚያዎቹ ነገር ነው። ሩቅ ያለ ሰው ሲጎድልበት ሌባ እንፈልጋለን። አንዳንዴ ሌባ አለ። ብዙ ጊዜ ግን እጁ ንጹሕ ነው የሚባል ሰው በተርታ ቆሞ፣ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ሲያስቀር ነው ጫፉ ላይ ያለው ባዶ የሚቀረው። ባሕር ማዶ ያለች እህት ለታመመች እናቷ ገንዘብ ትልካለች፤ ለታላቅ ወንድም ይደርሳል፣ እሱ የቤት ኪራዩን ከፍሎ የቀረውን ለአክስት ይሰጣል፣ አክስት ለልጇ መጽሐፍ ገዝታ የተረፈውን ታደርሳለች። ከነዚህ አንዱንም ሌባ ለማለት አፍ አይደፍርም። እናት ግን መድኃኒቱን በግማሽ ነው የምትወስደው። ሽማግሌ ሰብስቦ ጥፋተኛ ቢፈለግ አይገኝም፤ የሚያዋጣው ለእናት በቀጥታ የሚደርስ መስመር መዘርጋት ነው። ይህ ታላቅን ወንድም መሻር አይደለም። ወንድም ቤተሰቡን በመስመር ይያዝ፤ የእናት መድኃኒት ግን በሱ በኩል አይለፍ።

ሁለተኛው መለኪያው ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ አዋሽ ላይ 12 አይቷል። የለካው ግን ማንም ምንም በማይሸከምበት ሰዓት ነው። ገጠር ያለ ጤና ጣቢያ በሽተኛ በሌለበት ቀን ሲጎበኝ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው፤ መድኃኒቱ በመደርደሪያ፣ ነርሷ በነጭ ጋውኗ። አንድ አስተማሪ ክፍሉ ባዶ ሳለ ወንበሩ ቢቆጠርለት ይበቃዋል። እኩል ሰጥተናል የሚለው ሪፖርት የሚጻፈው እንዲህ ባለ ቀን ነው። እውነቱን የሚያወጣው ወባው ሲነሣ፣ ተማሪው ሲሞላ፣ ማለት ባቡሩ እየጎተተ ሳለ የተለካ ነው። እረፍት ላይ ሁላችንም 12 ነን።

ሦስተኛው የፉርጎዎቹ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ሰው ከባቡር ይለያል። የሎኮሞቲቩን ፉርጎ የፈታበት ጌታው ነው። ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ሳይደርሰው ሲቀር ፉርጎውን ራሱ ይፈታል። መጀመሪያ ትምህርቱን ይፈታል፣ ቀጥሎ ያሰበውን ንግድ፣ ቀጥሎ አሳቡን ለሰው መናገርን። በመጨረሻ ባዶውን እያዘገመ ይደርሳል፤ ከሩቅ የሚያየው ሁሉ ደግሞ አሁን ደኅና ነው ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማበርታት በንግግር አይሆንም። ድምፅ ቢጨመርበት ቅርብ ያለው ይደነግጣል እንጂ ሩቁ አይሰማም፤ እጀታው እስከ መጨረሻ ሲዞር የተከሰከሰው ድሬዳዋ የነበረው ባቡር መሆኑ ለዚህ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። መዳብ ያስወጣል፤ በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ምረቃ የለውም፣ ሪባን አይቆረጥበትም። ተራራ ለሠራ ጭብጨባ አለ፤ ሽቦ ለዘረጋ የለም። ስለዚህ ገንዘብና ጉልበት ሁልጊዜ ወደ ተራራው ያደላል፤ ለሽቦው የተረፈውም ከቅርቡ ጀምሮ መሃል ላይ ያልቃል። በየጊዜው ሳይደርሰው የሚቀረውም ያው አንዱ ጫፍ ነው። ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ ይህን ይውሰድ፦ ያለው እንደማይበቃ የሚያውቅ ሰው ከሩቁ ጫፍ ይጀምር።